ከምትፈራው ያነሰ፣ ከነገሩህ የበዛ

«ሳይኮሎጂ ሒሳብ የለውም አይደል?»

አለው።

ጥያቄው ዲፓርትመንት በሚመረጥበት ሰሞን ይበዛል። ፍሬሽማኑ የመጀመሪያ ዓመቱን ጨርሶ ምርጫ ሊሞላ ሲቀመጥ፣ ትምህርቱ ምን እንዳለው ሳይሆን ምን እንደሌለው ያጠያይቃል። «ኢኮኖሚክስማ አይነሳ፣ አካውንቲንግም ያው ቁጥር ነው፣ ማኔጅመንትም አያስተማምንም፤ በቃ ሳይኮሎጂን አንደኛ ላድርግ።» ወንድሜ፣ ዕድሜ ልክህን የምትኖርበትን ሙያ በምትጠላው ነገር አትምረጥ። ደግሞም የሸሸኸው ነገር ቀድሞህ ገብቷል፤ ከፍሬሽማን ቀጥሎ ስታቲስቲክስ በሚል ስም ይጠብቅሃል።

«እሺ፣ ስንት ነው ታዲያ?»

ከምትፈራው ያነሰ፣ ከነገሩህ የበዛ። ፍሬሽማን ላይ ለሶሻል ሳይንስ የሚሰጠውን ማትስ ከሁሉም ጋር ትወስዳለህ፤ እሱ ገና ዲፓርትመንት ሳትመርጥ ነው የሚይዝህ። ከገባህ በኋላ ስታቲስቲክስ አለ፣ ሪሰርች ሜተድ አለ፣ የሥነ ልቦና ፈተናና ምዘና የሚባል ኮርስ አለ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሲኒየር ኤሴይ አለ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ እጅህ ምን ይሠራል? ትደምራለህ፣ ትቀንሳለህ፣ ታባዛለህ፣ ታካፍላለህ። ቁጥርን በራሱ ታባዛለህ፣ ስኩዌር ሩት ታወጣለህ፣ ፐርሰንት ታሰላለህ፣ ፎርሙላ ውስጥ ቁጥር ትተካለህ፣ ሠንጠረዥና ግራፍ ታነባለህ። ቲዎረም አረጋግጥ የሚልህ የለም፤ ኢንቴግራል በእጅህ ሥራ የሚልህም የለም። ስሌቱ ሃይስኩል ያለፍከው ነው። የሚከብደው ሌላ ነው፦ ያወጣኸው ቁጥር ስለ ማን ምን እንደሚናገር፣ ስለ ማን ደግሞ ምንም እንደማይናገር መለየት። እዚያ ላይ ካልኩሌተር አይደርስልህም።

ማስተርስ ከቀጠልክ ሪግሬሽን ይመጣል፣ ፋክተር አናሊሲስ ይመጣል። ከዚያም በላይ ልሂድ ካልክ ማቲማቲካል ሳይኮሎጂ የሚባል ራሱን የቻለ ዘርፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የራሱ ጆርናል አለው። እዚያ የሚሠራው ሒሳብ የእውነት ከባድ ሒሳብ ነው። ያ ግን የፈለገው ሰው በፈቃዱ የሚገባበት ነው።

«ስሌቱ ቀላል ከሆነ ጥቅሙ ምንድነው?»

አንድ ዶርም ውስጥ 5 ልጆች አሉ እንበል። ትናንት ሌሊት የተኙት 4፣ 4፣ 6፣ 8 እና 8 ሰዓት ነው። ደምረህ ለ5 ስታካፍለው አማካዩ 6 ይመጣል። ጎረቤት ዶርም ያሉት 5 ልጆች ደግሞ ሁሉም 6፣ 6 ሰዓት ተኝተዋል፤ የእነሱም አማካይ 6 ነው። አማካይ ብቻ የሚያውቅ ሰው «ሁለቱ ዶርም አንድ ናቸው» ብሎ ይሄዳል። አንተ ግን ከእያንዳንዱ ልጅ ላይ 6 ቀንስ። ሁለቱ 2 ጎደላቸው፣ አንዱ ልኩ ሆነ፣ ሁለቱ 2 ተረፋቸው። እንዲሁ ብትደምረው የጎደለውና የተረፈው ተጣፍቶ ዜሮ ይሆንብሃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ልዩነት በራሱ ታባዛዋለህ፦ 4፣ 4፣ 0፣ 4፣ 4። ድምሩ 16። ከልጆቹ ቁጥር አንድ ቀንሰህ ለ4 ስታካፍለው 4 ይሰጥሃል፤ የ4 ስኩዌር ሩት 2 ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን እያሉ ያስፈራሩህ ነገር ይኸው ነው። የጎረቤት ዶርም ዜሮ፣ የዚህኛው 2። እዚህኛው ውስጥ እንቅልፍ ያጡ ሁለት ልጆች አሉ፤ አማካዩ ሸፍኗቸው ነበር፣ 2 ቁጥር አወጣቻቸው። ይህ ሒሳብ ነው ካልከኝ አዎ ነው። ሰው መፈለግ ነው ካልከኝም አዎ ነው።

«ይሄስ ይሁን፤ የፍሬሽማኑ ማትስ ግን ከሳይኮሎጂ ጋር ምን አገናኘው? ማትሪክስ ለምክር አገልግሎት ምን ያደርጋል?»

ሃንድአውቱን አውጣና አብረን እንገልብጠው።

መጀመሪያ ሎጂክ አለ። «ድብርት የያዘው ሰው እንቅልፉ ይታወካል። እገሊት እንቅልፏ ታውኳል። ስለዚህ እገሊት ድብርት ይዟታል።» ልክ ነው? ልክ አይደለም። አራስ ልጅ ሲያለቅስባት ያደረች እናትም እንቅልፏ ታውኳል፤ ነገ ፈተና ያለባትም፣ ጥርሷን ያመማትም። ይህን የእርምጃ ስህተት ሎጂክ ምዕራፍ ውስጥ በፒ እና በኪው ተጽፎ አይተኸው «ለምን ይጠቅማል» ብለህ አልፈኸዋል። የሚጠቅመው ሰው ላይ የማይገባውን ስም እንዳትለጥፍ ነው።

ቀጥሎ ሴት ቲዎሪ ነው። የሁለት ስብስቦች የጋራ ክፍል ከአንዳቸውም ሊበልጥ አይችልም፤ ስዕሉን ሁላችንም ሠርተነዋል። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ጥናት ሊንዳ የምትባል ሴት ታሪክ ለሰዎች አነበቡ፦ ብሩህ ናት፣ አድልዎ ያንገበግባታል፣ ተማሪ ሳለች ሰልፍ ትወጣ ነበር። ከዚያ ጠየቁ፦ ሊንዳ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ የመሆኗ ዕድል ይበልጣል ወይስ ገንዘብ ከፋይም የሴቶች መብት ተሟጋችም የመሆኗ? 85 ከመቶ የሚሆኑት ሁለተኛውን መረጡ። ሊሆን አይችልም፤ ገንዘብ ከፋይም ተሟጋችም የሆነች ሁሉ ገንዘብ ከፋይ ናት። የሰው ልጅ ታሪክ ሲያምርለት ስብስቡን ይረሳል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ግኝት ለማግኘት ሥነ ልቦናም ሒሳብም በአንድ ራስ ውስጥ መኖር አለባቸው። ካህነማን በኢየሩሳሌሙ ሂብሩ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲይዝ ዋና ትምህርቱ ሳይኮሎጂ ነበር፤ ንዑሱ ደግሞ ሒሳብ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኖቤል ተሸለመ፤ የተሰጠው በኢኮኖሚክስ ነው። አንተ ኢኮኖሚክስን በቁጥሩ ፈርተህ ሸሸህ፣ ሳይኮሎጂስቱ ግን ሄዶ ሽልማቱን ከዚያ አመጣ።

ፈንክሽን ደግሞ አለ። 100 ግራም በእጅህ ይዘህ 2 ግራም ሲጨመር ከታወቀህ፣ 1,000 ግራም ስትይዝ 2 ግራም ቢጨመር አይታወቅህም፤ 20 ግራም ያስፈልግሃል። ጀርመናዊው ኤርንስት ቬበር ያየው ይህንን ነው፤ የሚታወቀን ጭማሪው ስንት እንደሆነ ሳይሆን ከነበረው ላይ ምን ያህል እጅ እንደሆነ ነው። ጉስታቭ ፌክነር ደግሞ ከዚህ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1860 ስሜትና ማነቃቂያ በሎጋሪዝም እንደሚገናኙ ጻፈ። ጀርመናዊው ቩንት በላይፕሲሽ የመጀመሪያው የሚባለውን የሥነ ልቦና ላቦራቶሪ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። ልብ በል፣ ሎጋሪዝሙ ከላቦራቶሪው 19 ዓመት ቀድሟል። ሒሳቡ ዘግይቶ የተጨመረ ቅጥያ አይደለም፤ ከመሠረቱ ነበር።

ማትሪክሱስ? 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጅተህ እያንዳንዱ ጥያቄ ከእያንዳንዱ ጋር ምን ያህል እንደሚሄድ ብታሰላ 45 ኮሪሌሽን ታገኛለህ። አሥር በአሥር ሆነው ሲደረደሩ ማትሪክስ ናቸው። አሥሩ ጥያቄዎች በእርግጥ አንድ ነገር ይለካሉ ወይስ ሦስት? መልሱ የሚወጣው ከዚያ ማትሪክስ ውስጥ ነው። ፋክተር አናሊሲስ የሚባለውን ይህን መንገድ የጀመረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ስፒርማን ነው፤ 15 ዓመት የጦር መኮንን ሆኖ ከቆየ በኋላ ሥራውን ለቆ ቩንት ዘንድ ሳይኮሎጂ ሊማር የሄደ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳተመው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ካልኩለሱን በአጭሩ ልለፈው፦ የኖርማል ከርቭ ሠንጠረዥ ላይ የምታነበው ቁጥር ሁሉ ከመስመሩ ሥር ያለ ስፋት ነው፤ ስፋቱን ሌላ ሰው አስልቶልሃል፣ አንተ ምን እንደሆነ ብቻ እወቅ።

የኢንጂነሪንግ ልጅ አጠገባችን ሆኖ ይሰማ ነበር። «ያው ነው፣ ሳይኮሎጂ ወሬ ነው» አለ።

ወዳጄ፣ ስልክህ ላይ ከፍተህ አሳይመንትህን የምትጠይቀው ቻትጂፒቲ ዘሩ ከየት እንደሆነ ታውቃለህ? ፐርሴፕትሮን የተባለውን ሞዴል የሠራው ፍራንክ ሮዘንብላት ሳይኮሎጂስት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመውም ሳይኮሎጂካል ሪቪው ላይ ነው። ኒውራል ኔትወርክ ከስህተቱ እንዲማር የሚያደርገውን መንገድ በ1986 ካስተዋወቁት ከሦስቱ አንዱ ዴቪድ ሩመልሃርት ሳይኮሎጂስት ነበር። ሌላው ጄፍሪ ሂንተን ነው፤ በ2024 በፊዚክስ ኖቤል የወሰደው። የመጀመሪያ ዲግሪው? ኤክስፐሪመንታል ሳይኮሎጂ፣ ካምብሪጅ፣ 1970። ወሬ ካልከው፣ ዓለም ዛሬ የሚሠራው በዚህ ወሬ ነው።

«የሰው ነፍስ ግን በቁጥር ትለካለች? ይህ ድፍረት አይሆንም?»

ይህን የሚሉ ሰዎች የሚከበር ነገር ይዘው ነው የሚሉት፤ አማኑኤል ካንት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1786 ሒሳብ በውስጣዊ ስሜት ላይ ስለማይሠራ የነፍስ ጥናት ሙሉ ሳይንስ ሊሆን እንደማይችል ጽፏል። ከላይ ያለው የፌክነር ሎጋሪዝም ለእሱም መልስ ነው። የእኔ መልስ ግን ከዚያ ይቀርባል። ቁጥሩ የሚያስፈልገው ነፍስን ለመመዘን ሳይሆን የእኔን ግምት ለመመዘን ነው። እኔ ባለሙያው ፊቴ ስለተቀመጠው ሰው የሚሰማኝ ነገር አለ፤ የተሰማኝ ነገር ልክ ስለመሆኑ ማን ይጠይቀኝ? ፖል ሚል ሕመምተኞችን እያየ የሚያክም አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው መጽሐፉ የባለሙያን ግምትና የቀመርን ግምት ያወዳደሩ 20 ገደማ ጥናቶችን ሰብስቦ አየ፤ ከሞላ ጎደል በሁሉም ቀመሩ ከባለሙያው እኩል ወጣ ወይም በለጠው። ይህን ካነበቡ በኋላ «እኔ ሰውን አይቼ አውቃለሁ» ማለት ነው ድፍረቱ።

አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ «ሳይኮሎጂ መምከር አይደለም እንዴ? መምከርማ እኛም ስንመክር ኖረናል» አሉኝ።

ጋሼ፣ ምክርዎ አይጠላም፤ ስንት ትዳር እንዳቆመ እናውቃለን። ግን 100 ሰው መክረው ስንቱ እንደተሻለው ቆጥረው ያውቃሉ? ከተሻላቸውስ ውስጥ ባይመከሩም የሚሻላቸው ስንቱ ነበሩ? ሰው ምክር ፍለጋ የሚመጣው በጣም የከፋበት ቀን ነው። ከከፋ ቀን በኋላ የሚመጣው ቀን ብዙ ጊዜ ሻል ይላል፣ ማንም ባይመክረውም። ስለዚህ የእርስዎን ምክር ያገኙትንና ያላገኙትን፣ ማን ወደ የት እንደሚሄድ በዕጣ ለይተን፣ ጎን ለጎን ማየት አለብን። ይህን ካላደረግን የጊዜን ሥራ ለራሳችን እንመዘግባለን። ጋሼ ዝም አሉና «ዕጣውስ ለምን አስፈለገ?» ብለው ጠየቁ። ከብዙ ተማሪ የተሻለ ጥያቄ ነው። ዕጣ ካልወጣ የባሰባቸውን ትተን የሚሻላቸውን እንመርጣለን፤ ሆን ብለን ባይሆንም እንመርጣለን።

«ኤስፒኤስኤስ ያሰላልኝ የለ? ምን አስጨነቀኝ?»

ኤስፒኤስኤስ የስሌት ፕሮግራም ነው፤ የታዘዘውን ይሠራል። እስቲ የጋብቻ ሁኔታን ያላገባ 1፣ ያገባ 2፣ የፈታ 3 ብለህ አስገባና አማካይ አውጣልኝ በለው። 1.8 ብሎ ያወጣልሃል፤ አያፍርም፣ አያስጠነቅቅህም። 1.8 ያገባ ሰው ግን የት አለ? ስታንሊ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1946 ስም ብቻ የሆኑ ቁጥሮችን፣ ደረጃ ብቻ የሚያሳዩትን፣ ርቀታቸው እኩል የሆነውንና እውነተኛ ዜሮ ያላቸውን ለይቶ የጻፈው ለዚህ ነው። ሳይኮሎጂስት ነበር እሱም። በእያንዳንዱ ዓይነት ምን ማስላት እንደሚቻልና እንደማይቻል የምታውቀው አንተ ነህ፤ ፕሮግራሙ አያውቅም።

ከዚህ የከፋም አለ። በየዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ «ሪሰርች እናማክራለን፣ ዳታ እንተነትናለን» የሚል ወረቀት ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጥፏል። ተማሪው መጠይቁን በትኖ ሰብስቦ እዚያ ይሰጥና ከሠንጠረዥ ጋር ይቀበላል፤ ዲፌንስ ላይ «ይህች ፒ ቫልዩ ምን ትላለች?» ሲባል ወለሉን ያያል። እህቴ፣ የሰው ኑሮ ጠይቀሽ፣ ሰው ሚስጥሩን በወረቀት ጽፎ ሰጥቶሽ፣ የነገረሽን ለማያውቀው ሰው ሸጥሽው። መልስ ሰጪዎቹ ያመኑሽ አንቺን ነው። እኔን የሚያናድደኝ ከስንፍናው በላይ ይህ ክህደት ነው።

ፒ ቫልዩንም ቢሆን፣ ማለትም ምንም ባይኖርም እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመውጣቱን ዕድል፣ ካላወቁት ያሳስታል። ምንም እውነት የሌለበትን ነገር 20 ጊዜ አንዱ ከሌላው ሳይያያዝ ብትፈትኑት፣ በ5 ከመቶ መለኪያ ቢያንስ አንዱ «ተገኘ» የሚልበት ዕድል 64 ከመቶ ነው። አስሉት፤ 0.95ን በራሱ 20 ጊዜ አባዙና ከ1 ቀንሱት። ሙያው ለዚህ ስህተት ዋጋ ከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ትልቅ ጥናት 100 የታተሙ የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሠርቶ አየ፤ መጀመሪያ 97 ከመቶው «ተገኘ» ብለው የነበሩት፣ ሲደገሙ 36 ከመቶው ብቻ ቆሙ። ይህን ይዞ «አየህ፣ ሳይኮሎጂ ውሸት ነው» የሚለኝ ሰው አለ። አይደለም፤ ስህተቱን ቆጥሮ በአደባባይ ያወጣው ማን ሆነና? ራሳቸው ሳይኮሎጂስቶቹ ናቸው፣ ያወጡትም በሒሳብ ነው። ከናሙናው ማነስና ከአመራረጡ ብዙ ጥፋት ተገኝቷል። ወጥ የምትቀምስ ሴት ድስቱን ሁሉ አትጠጣም፣ ጭልፋ ይበቃታል፤ ግን ካላማሰለች ላዩን ቀምሳ ቅመሙ ሥር ይቀርባታል። የራስን ክፍል ተማሪዎች ብቻ ጠይቆ «የኢትዮጵያ ወጣት» ብሎ መጻፍ ሳያማስሉ መቅመስ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምጨነቅበት ልምጣ፤ ምርመራ ነው።

ፒኤችኪው ዘጠኝ የሚባል የድብርት መጠይቅ አለ። 9 ጥያቄ ነው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፤ ድምሩ ከ0 እስከ 27። 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ቀረብ ተብሎ መታየት አለበት ይባላል። በአማርኛም ተተርጉሞ እዚህ አገር ተፈትሿል። ሲደመር የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው። ታዲያ «ከ10 በላይ ካመጣ ድብርት ያዘው ማለት ነው፣ በቃ» የሚል ባለሙያ አለ። በቃ አትበል፤ ቁጭ በልና አብረኸኝ አስላ።

1,000 ተማሪ አለ እንበል፤ ከእነሱ 50ው በእርግጥ ድብርት አለባቸው። መጠይቁ ከታመሙት 100 ሰዎች 80ውን ይይዛል፣ ካልታመሙት 100 ሰዎች ደግሞ በስህተት 10ሩን ይጠቁማል ብለን እንነሳ። ከ50ዎቹ 40 ተያዙ፤ 10 አመለጡ። ካልታመሙት 950 ውስጥ 95 ሰው በስህተት ተጠቆመ። አሁን የተጠቆሙት ጠቅላላ 135 ናቸው፤ ከእነሱ በእርግጥ የታመሙት 40 ብቻ። ከተጠቆሙት 10 ሰዎች ሰባቱ ድብርት የለባቸውም ማለት ነው። «መጠይቁ 80 ከመቶ ይይዛል» ተብሎ የተነገረው ሰው ይህንን አይገምትም። ካላሰላ 95 ሰው «ታመሃል» ተብሎ ይሄዳል፤ ወሬው ሰፈር ይገባል፣ እናት ትሰማለች፣ እጮኛ ትሰማለች። ያመለጡት 10 ደግሞ «ምንም የለብህም» ተብለው በሕመማቸው ይመለሳሉ። ለእነዚህ 105 ሰዎች የሚደርስላቸው መደመርና ማካፈል የማይሰለቸው ሰው ነው። መጠይቁን መጣል አይደለም የምለው፤ መጠይቁ በር ነው፣ ከበሩ በኋላ ቀርቦ ማነጋገር አለ። በሩን ቤት ያደረገው ማስላት የጠላው ሰው ነው።

«እኔ ግን ገና ቁጥር ሳይ እጄ ይንቀጠቀጣል» ያልሽኝ እህቴ፣ ይህን ስትይ አልሳቅሁብሽም። የምትፈሪውን ነገር የሚያጠናው ራሱ ሳይኮሎጂ ነው። የሒሳብ ፍርሃትን የሚለካ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1972 በሪቻርድሰንና በስዊን ታትሟል። በ2001 ደግሞ አሽክራፍትና ከርክ የሚሆነውን ቀርበው አዩ፦ ፍርሃቱ የጊዜያዊ ትውስታን ቦታ ይወስዳል፤ ለስሌቱ የሚያስፈልገው ቦታ በጭንቀት ይያዛል። ስለዚህ ያልቻልሽው ስላልቻልሽ ላይሆን ይችላል። ፈርተሽ ስለጀመርሽ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ማን አስፈራሽ? 4ኛ ክፍል ላይ ተሳስተሽ ክፍሉ ሁሉ ሲስቅብሽ ዝም ያለ መምህር ነው። «ሴት ልጅ ለሒሳብ አልተፈጠረችም» ያለሽ ዘመድ ነው። ለመምህሩም ለዘመዱም መልሴ አንድ ነው፦ ልጅቷን አንድ ትምህርት ብቻ አልነፈጋችኋትም፣ ነገ የምታክማቸውን ሰዎችም ነፍጋችኋል።

ደግሞ ፎርሙላ በሌሊት አትሸምድጂ። ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፉ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላትን ራሱ እየሸመደደ ስንቱ እንደሚቀር አስልቷል። እንደገና ሲሸመድድ የቆጠበው ጊዜ ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 ከመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34 ከመቶ ገደማ፣ ከአንድ ወር በኋላ 21 ከመቶ ገደማ ነበር። ትርጉም የሌለው ነገር እንዲህ ነው የሚያልቀው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን በዶርሙ ልጆች እንቅልፍ የተማረ ሰው ግን ፎርሙላው ቢጠፋበትም እንደገና ይሠራዋል። መምህራንም ይህን ስሙኝ፦ ፎርሙላውን ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ሁለት ምሳሌ ሠርታችሁ ስትወጡ፣ የሥነ ልቦና ተማሪው የገባበትን ትምህርት ሳታስተምሩት ነው የወጣችሁት። ሰውየውን ከቁጥሩ ኋላ አሳዩት። ቲ ቴስትን ስታስተምሩ እንኳ ከዱብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ፣ ዊሊያም ጎሴት «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. በ1908 እንዳወጣው ንገሯቸው። ጥቂት ናሙና ብቻ ይዞ መወሰን የነበረበት ሰው ነው፤ እነሱም ሲኒየር ኤሴይ ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ይዘው መወሰን አለባቸው።

አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይህን ሁሉ ሰምታ «የልጆች የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ከውጭ መጥቶ ወደ አማርኛ ቢመለስ ለእኛ ልጅ ይሠራል?» አለችኝ።

አማርኛ ማድረግ ብቻ አይበቃም። የዌክስለር ፈተና አማካዩ 100፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 15 ነው። 100 የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ፈተናው የተስተካከለባቸው ልጆች አማካይ ነው። በአሜሪካ ልጆች የተስተካከለውን ወስደሽ መተማ ያለ ልጅ ላይ ብትጠቀሚ፣ 85 ሲያመጣ «ከአማካይ አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በታች ነው» ትያለሽ። ከማን አማካይ? ልጁ አይቶት የማያውቀው ስዕል፣ ሰምቶት የማያውቀው ነገር ተጠይቆ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቁጥር ትምህርት ቤት ሊከለከል፣ «ዘገምተኛ» ሊባል ይችላል። ይህ እንዳይሆን የእኛ ልጆች በዕድሜያቸው፣ በቋንቋቸው፣ በከተማና በገጠር ተመርጠው ተፈትነው፣ አማካዩም ልዩነቱም ከእነሱ መውጣት አለበት። ይህን ከውጭ መጥቶ የሚሠራልን የለም፤ ከሒሳብ ሸሽቶ ሳይኮሎጂ የገባ ሰውም አይሠራውም።

«ስንት ልጅ ያስፈልጋል?» አለች፤ ደብተሯን አውጥታ።

የዌክስለር የልጆች ፈተና አምስተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ ከ6 እስከ 16 ዓመት ያሉ 2,200 ልጆች ተፈትነዋል፤ ለእያንዳንዱ ዕድሜ 200 ነው። እሱ በአንድ ቋንቋ ነው፤ እኛ ዘንድ በየቋንቋው ለየብቻ ሊያስፈልግ ነው። 11 ዕድሜ በ200 አባዢና በምትጀምሪባቸው ቋንቋዎች ቁጥር አባዢው። ከዚያ ከየወረዳው እንዴት ይመረጡ የሚለው ሪሰርች ሜተድ ላይ፣ ናሙና አመራረጥ የሚለው ምዕራፍ ውስጥ አለ። የዚህ ሴሚስተር ኮርስሽ ነው።